ኪሎው አልወርድ ሲል፦ ሩጫ መጨመር ወይስ ብረት መግፋት?

በደንብ ሲወርድ የነበረ ኪሎ ድንገት ቀጥ ይላል። አመጋገቡ ያው፣ ስፖርቱም ያው። ነገሩ ተአምር አይደለም፤ የቀለለ ሰውነት የሚያቃጥለው ካሎሪም ያንሳል።

ሐዋሳ ላይ ሩጫ መጨመር ቀላል ነው። ከተማው ሜዳ ነው፣ ፍቅር ሐይቅ ዳር ጠዋት ነፋሻ ነው፣ ክፍያም የለበትም። ጣጣው ርሃቡ ነው። ሮጦ የአሳ ገበያው አሞራ ገደል ጎራ ያለ ሰው የአሳ ጥብሱን ቀምሶ ብቻ አይነሳም። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ወደ 120 ካሎሪ አለው፤ 70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ወደ 2 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ሩጫ ማለት ነው። ጥብሱ ደግሞ በአንድ ማንኪያ አይጠበስም!

ብረት መግፋት በሰዓቱ የሚያቃጥለው ከሩጫ ያነሰ ነው። ግን ሰው ሲከሳ ከስቡ ጋር ጡንቻም ያጣል፤ ብረት ይህንን ይቀንሳል። ጂም ውድ ከሆነ ፑሽ አፕና ስኳት ለመጀመር ይበቃሉ።

እኔ ብረቱን እመርጣለሁ፤ በሳምንት 2 ቀን፣ ሩጫው ባለበት ሆኖ። መጀመሪያ ሰሞን ጡንቻ ውሃ ስለሚይዝ ሚዛኑ ጭራሽ ሊጨምር ይችላል። እሱን ተዉትና ወገባችሁን በሜትር ለኩ።