ለፓርኪንሰን ሕመም፦ መግነጢሳዊ ማነቃቂያ ወይስ ደካማ የኤሌክትሪክ ፍሰት?

ሁለቱም የራስ ቅልን ሳይከፍቱ አንጎልን ያነቃቃሉ፤ የመድኃኒትን ቦታ ግን አይተኩም።

አሠራር፦ በ1985 በእንግሊዝ፣ ሼፊልድ ከተማ አንቶኒ ባርከርና ባልደረቦቹ ያስተዋወቁት መግነጢሳዊ ማነቃቂያ ጭንቅላት ላይ በሚያዝ ጥቅል ሽቦ የነርቭ ሴሎችን በቀጥታ ሲቀሰቅስ፣ ከ1 እስከ 2 ሚሊአምፒር የሚሆነው የኤሌክትሪክ ፍሰት ግን የሴሎቹን ዝግጁነት ከመለወጥ አያልፍም።

ማስረጃ፦ የእንቅስቃሴን ዝግታ በመጠኑ እንደሚያሻሽል የተሻለ ማስረጃ ያለው መግነጢሳዊው ነው፤ ይህን ነጥብ ከሁሉም አስቀድማለሁ።

ወጪ፦ መግነጢሳዊው ውድ ነው፣ ክሊኒክም ያመላልሳል፤ መራመድ ለከበደው ታማሚ ይህ ቀላል ሸክም አይደለም። ኤሌክትሪኩ ርካሽና ተንቀሳቃሽ ነው።

ስጋት፦ የመጀመሪያው አልፎ አልፎ የሚጥል ሕመምን የመሰለ መንቀጥቀጥ ያስነሣል፤ ሁለተኛው ቆዳን ያሳክካል።

ክሊኒክ ለሚቀርበው መግነጢሳዊው ይሻላል፤ የሚጥል ሕመም ያለበት ግን ይራቀው። ከፊዚዮቴራፒ ጋር በሐኪም ክትትል ማጣመር ለሚፈልግ ኤሌክትሪኩ ይስማማል።