ሳይቆረጥ ጣፋጭነቱ የሚለካ ፍሬ፦ በእጅ የሚያዝ የብርሃን መለኪያ ሲፈተሽ

ይህ በእጅ የሚያዝ መሣሪያ ፍሬው ሳይቆረጥና ሳይጨመቅ የስኳሩን መጠን የሚገምተው፣ የሞገድ ርዝመቱ ከ700 እስከ 1100 ናኖሜትር የሆነ ብርሃን ወደ ፍሬው ልኮ፣ ሥጋው ውስጥ ተበትኖ የሚመለሰውን በመመርመር ነው። ውጤቱን በብሪክስ ያሳያል፤ 1 ዲግሪ ብሪክስ ማለት ስኳር በሟሟበት 100 ግራም ፈሳሽ ውስጥ 1 ግራም ስኳር አለ ማለት ነው።

ፖም ላይ ስሞክረው ያስደነቀኝ ፍጥነቱ ሳይሆን በአንዱ ፍሬ ላይ ያሳየኝ ልዩነት ነው፦ ፀሐይ ያቀላውን ጎን 14 ሲል፣ አረንጓዴ የቀረውን 12 አለው፤ ቆርጬ የሁለቱንም ጎን ጭማቂ በሪፍራክቶሜትር (ብርሃን በጭማቂው ውስጥ ሲያልፍ የሚታጠፍበትን መጠን አይቶ ስኳሩን በሚለካ መሣሪያ) ስፈትሽ ልዩነቱ ያው ሆነ። ስለዚህ አንድ ጊዜ ብቻ ለክቶ መፍረድ አይገባም።

በሚመለሰው ብርሃን ላይ የስኳሩ ምልክት ፍሬው ውስጥ ባለው ውሃ ጠንካራ ምልክት ስለሚሸፈን፣ ቁጥሩ የሚሰላው አስቀድሞ በተለኩ በርካታ ፍሬዎች ላይ ከተመሠረተ ቀመር ነው፤ ለፖም የተዘጋጀው ታዲያ ለማንጎ አይታመንም። ከማቀዝቀዣ ወዲያው የወጣ ፍሬም ንባቡን ሊያዛባ ይችላል፤ መመሪያው ስለዚህ ጉዳይ አንድ መስመር እንኳ አለማስፈሩ ያናድዳል። መሣሪያው አሲድ ስለማይለካም፣ 13 ያለውን አንድ ፖም ስቀምሰው ኮምጣጣ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።