ገበያ ወይስ ዕቅድ? ከጎጃም ጤፍ አምራች ወገን ሲታይ

አዳም ስሚዝ በ1776 እ.ኤ.አ. ዋጋን ውድድር ይወስነው ሲል፣ የእንግሊዝ ፋብሪካዎች ገና መስፋፋት ጀምረው ነበር። ካርል ማርክስ በበኩሉ የባለፋብሪካው ትርፍ ከሠራተኛው ላብ የሚቀነስ ነው አለ። ጎጃም ግን የስሚዝን ገበያም ሆነ በማርክስ ስም የመጣውን የመንግሥት ዕቅድ ያወቃቸው በፋብሪካ ሳይሆን በእህል ነው።

ዕቅዱ በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ መጣ። አዋጁ የደቡቡን ጭሰኛ ከባላባት ሲያላቅቅ፣ ርስት ለለመደው ጎጃሜ ያን ያህል ብርቅ አልነበረም። እሱን ያስመረረው ኮታው ነው። የመንግሥት የሆነው የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ጤፉን ከገበያው ባነሰ ቁርጥ ዋጋ ይወስድ ነበር፤ ነጋዴው እህል ጭኖ እንዳያልፍ ደግሞ ኬላ ነበር። ከተማ ውስጥ ቀበሌ እህል በርካሽ ያከፋፍል ነበር፤ ርካሽነቱን የሚከፍለው ግን አራሹ ነበር። ብዙ ማምረት ምን ይጠቅመው ነበር? በ1982 ዓ.ም. ቅይጥ (የመንግሥትና የግል) ኢኮኖሚ ታውጆ ኮታው ሲቀር ያዘነ ገበሬ ያለ አይመስለኝም።

ገበያውም ንጹሕ አይደለም። በመኸር ሁሉም በአንድ ጊዜ ሲሸጥ ዋጋው ይወድቃል፤ ማዳበሪያ ዕዳ ያለበት ሰው እስከ ክረምት አያቆይም፤ ጎተራ ያለው ነጋዴ ግን ያቆያል።

ለእህል ሽያጭ እኔ ገበያውን እመርጣለሁ፣ ገበሬው በማኅበር ተደራጅቶ የራሱ መጋዘን ካለው። ለመንገድና ለመስኖ ግን ዕቅድ ይሻላል፤ በጎጃም ያለውን የቆጋ መስኖ ግድብ ነጋዴ አይሠራውም ነበር።