ዘጠኝ ወር ከባለ 24 ኢንቹ የጌም ሞኒተሬ ጋር

ሞኒተር ልገዛ ስነሳ የምፈልገው ሁለት ነገር ነበር። ቀን ስሠራ ዓይኔን የማያደክም፣ ማታ ጌም ስጫወት የማይጎተት። ገንዘቤ ደግሞ ውስን ነው። ይኸው ዘጠኝ ወር ሞላኝ፤ በቀን ከስምንት ሰዓት በላይ ፊቱ ተቀምጫለሁ። የመጀመሪያው ሳምንት ደስታ ስላለፈ አሁን በእርጋታ መናገር እችላለሁ።

ስፋቱ 24 ኢንች ነው። ጥራቱ 1920 በ1080 ፒክሴል (ምስሉን የሚሠሩት ጥቃቅን ነጥቦች)፣ ፓነሉ (ምስሉን የሚያሳየው ገጽ) አይፒኤስ የሚባለው ዓይነት፣ ፍጥነቱ 165 ኸርዝ፤ ማለትም ምስሉን በሰከንድ 165 ጊዜ ያድሳል።

ስፋቱን ለመወሰን ብዙ አስቤያለሁ። በተቀራራቢ ዋጋ ባለ 27 ኢንች ነበረ፤ ጥራቱ ግን ያው 1080 ነው። ፒክሴሉ ሳይጨምር ስክሪኑ ብቻ ሲሰፋ ምስሉ ይሳሳል። በ24 ኢንች ላይ በአንድ ኢንች ውስጥ 92 ገደማ ፒክሴል ይገኛል። በ27ቱ ላይ ወደ 82 ይወርዳል። ጌም ላይ ልዩነቱን ላታስተውሉት ትችላላችሁ። አማርኛ ስታነቡ ግን ይታወቃችኋል። «ሱ» እና «ሲ» የሚለያዩት በአንዲት ጭረት ቦታ ነው። ያቺ ጭረት በትንሽ ጽሑፍ ላይ ስትደበዝዝ ዓይን ሳያስበው ይለፋል። 27 ኢንች የግድ ካስፈለገ 2560 በ1440 የሆነውን መፈለግ ነው። እሱ ግን ግራፊክስ ካርዱን (ምስሉን የሚያዘጋጀውን የኮምፒውተር ክፍል) 78 በመቶ ተጨማሪ ፒክሴል ያሸክመዋል፤ የእኔ ካርድ ያንን አይችልም።

ፓነሉን በተመለከተ ቪኤ ከሚባለው ሌላ የፓነል ዓይነት ጋር ሳወዳድር ነው የከረምኩት። ቪኤ ጥቁሩ ጥቁር ነው። ኮንትራስቱ (የነጩና የጥቁሩ የብርሃን ልዩነት) ብዙ ጊዜ 3000 ለ1 አካባቢ ሲሆን የተለመደው አይፒኤስ 1000 ለ1 ገደማ ነው። ማታ መብራት አጥፍቼ ጨለማ የበዛበት ፊልም ሳይ ይህ ያበሳጨኛል፤ ጥቁሩ ግራጫ ይመስላል፣ ጥግ ጥጉም ያበራል። ቢሆንም አልተጸጸትኩም። ርካሽ ቪኤዎች ላይ ጨለማ ቦታ ውስጥ የሚሮጥ ነገር ኋላው እንደ ጥላ ይጎተታል። ጓደኛዬ ቤት አይቼዋለሁ፤ ለፈጣን ጌም አይሆንም። በዚያ ላይ አይፒኤስን ከጎን ሆናችሁ ብታዩትም ቀለሙ ብዙም አይለወጥም።

አሁን ወደ ፍጥነቱ። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሳምንታት የተጫወትኩት በ60 ኸርዝ ነበር፤ አላወቅኩም። ሞኒተሩ 165 ስለሆነ ብቻ ኮምፒውተሩ 165 ይልካል ማለት አይደለም። ዊንዶውስ ላይ የማሳያ ቅንብር ውስጥ ገብታችሁ ራሳችሁ መምረጥ አለባችሁ። ገመዱም ወሳኝ ነው። የእኔው በኤችዲኤምአይ ከ144 አያልፍም፤ 165ን የሚሰጠኝ በዲስፕሌይፖርት ብቻ ነው። የቀየርኩ ዕለት ማውሱን ገና ሳንቀሳቅስ ልዩነቱ ታየኝ።

ግን አንድ ስሌት ልንገራችሁ። በ60 ኸርዝ እያንዳንዱ ምስል 16.7 ሚሊሰከንድ ይቆያል። በ144 ወደ 6.9 ይወርዳል። ይህ ትልቅ ዝላይ ነው። ከ144 ወደ 165 ስትሄዱ የምታተርፉት 0.9 ሚሊሰከንድ እንኳ አይሞላም። ለእሷ ተጨማሪ ብር አታውጡ።

ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈው «1 ሚሊሰከንድ»ም (ፒክሴሉ ቀለም ለመቀየር የሚፈጅበት ጊዜ) እንዲሁ ነው። ያንን ቁጥር ለማግኘት ፒክሴሉን ቶሎ እንዲቀየር የሚገፋውን ኦቨርድራይቭ የሚባል ቅንብር ጣሪያ ላይ ማድረስ ያስፈልጋል። እዚያ ሳደርሰው የሚንቀሳቀስ ነገር ሁሉ ነጣ ያለ ጭራ አወጣ። መሀለኛው ላይ አድርጌ ተውኩት፤ ከዚያ ወዲህ አልነካሁትም። ኤችዲአር የሚለውንም (ብሩሁንና ጨለማውን ይበልጥ አጉልቶ የሚያሳየውን) በሁለተኛው ቀን አጠፋሁት። ሞኒተሩ ምልክቱን ይቀበላል እንጂ ለእውነተኛ ኤችዲአር የሚሆን ብርሃን የለውም፤ ጣሪያው 250 ኒት (የስክሪን ብርሃን መለኪያ) ነው።

ካርቶኑ ላይ ከተጻፉት ነገሮች ሁሉ ቃሉን የጠበቀው ፍሪሲንክ ነው። ጌሙ ሲከብድና ፍሬሙ (ካርዱ በሰከንድ የሚሠራው የምስል ብዛት) ከ120 ወደ 70 ሲወርድ ሞኒተሩ አብሮ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ምስሉ ለሁለት አይቀደድም። መካከለኛ ካርድ ላለው ሰው ከሁሉ የሚጠቅመው ይህ ነው። ፍሪሲንክ የካርድ ሠሪው የኤኤምዲ ነው፤ ካርዳችሁ የተፎካካሪው የኤንቪዲያ ከሆነም አትስጉ፤ ከጥር 2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ብዙዎቹን የፍሪሲንክ ሞኒተሮች በዲስፕሌይፖርት በኩል ይደግፋል።

ከልቤ ያስከፋኝ ነገር ግን ስክሪኑ አይደለም፤ ማቆሚያው ነው። ወደፊትና ወደኋላ ከማዘንበል ሌላ ምንም አይችልም። ከፍ አይልም፣ ዝቅ አይልም። በሁለተኛው ወር ማጅራቴን ያመኝ ጀመር። መጀመሪያ የሥራው ብዛት ነው ብዬ ነበር። በኋላ ነው ቀኑን ሙሉ አቀርቅሬ እንደምውል የገባኝ። ወፍራም መጻሕፍት ደርድሬ ከፍ አደረግኩት፤ ትንሽ ቀለል አለኝ። ግን ጠረጴዛውን በነካሁ ቁጥር ይወዛወዛል። በአራተኛው ወር ጠረጴዛ ላይ የሚታሰር ክንድ ገዛሁ። ደግነቱ ከጀርባው 100 በ100 ሚሊሜትር የሆኑት አራት የብሎን ቀዳዳዎች ነበሩት። እነሱ ባይኖሩ ሞኒተሩን እሸጠው ነበር። የስክሪኑ የላይኛው ጠርዝ ከዓይኔ ትይዩ ከሆነ ወዲህ ሕመሙ ጠፋ።

ጥንካሬው ጥሩ ነው። እስካሁን የሞተ ፒክሴል የለም። ሞኒተሩ ሲመጣ ብርሃኑ መቶ ላይ ነበር፤ ቀን 35፣ ማታ 20 ላይ አድርጌ ነው የምሠራው። ድምፅ ማጉያው አለ ለማለት ብቻ ነው፤ የጆሮ ማዳመጫ ያዙ።

በቅርቡ ታናሽ እህቴ ለራሷ ልትገዛ አማከረችኝ። የምትሠራው ፎቶ ማስተካከል ነው፤ ጌም የምትጫወተው አልፎ አልፎ ነው፣ ያውም ቀስ ያለውን። የእኔን ዓይነት አትግዢ አልኳት። አይፒኤስ ይሁን፣ ኤስአርጂቢ የሚባለውን ለስክሪን የተለመደ የቀለም ክልል ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ይሁን፣ ፍጥነቱ 75 ወይም 100 ኸርዝ ይበቃሻል። በሚተርፈው ብር ከፍና ዝቅ የሚል ማቆሚያ ያለውን ውሰጂ።