የቀድሞው ሩገር ሲንግል-ሲክስ ባለ ሁለት ሲሊንደር፦ ለሰብሳቢ የሚገባ ሽጉጥ

በቀለህ ጠርዝ የሚተኮሱ፣ በተለምዶ ሪምፋየር የሚባሉ አሮጌ ሪቮልቨሮችን (ጥይታቸውን ሲሊንደር በሚባል ተሽከርካሪ ከበሮ ውስጥ የሚይዙ ሽጉጦችን) መሰብሰብ ለሚጀምር ሰው አንድ ሽጉጥ ብቻ ምከር ብባል፣ ሳላመነታ የምጠራው ከ1973 በፊት የተሠራውን ባለ ሁለት ሲሊንደር ሩገር ሲንግል-ሲክስ ነው (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ምክሬ ግን አንድ ጥብቅ ቅድመ ሁኔታ አለው፤ ሁለተኛው ሲሊንደር ከሽጉጡ ጋር አብሮ ከፋብሪካ የወጣ መሆን አለበት። ሌላ ሲሊንደር ተፈልጎ የተጨመረለት ሽጉጥ ጥሩ መተኮሻ ሊሆን ይችላል፤ እንደ ስብስብ ዕቃ ግን ሲታይ ባለ አንድ ሲሊንደር ሽጉጥ ነው፣ ዋጋውም በዚያው ልክ ሊሰላ ይገባል።

ስተርም፣ ሩገር የተባለው አምራች በ1949 በአሜሪካ ኮኔቲከት ግዛት፣ ሳውዝፖርት ውስጥ የተመሠረተ ሲሆን ሲንግል-ሲክስን ለገበያ ያቀረበው በ1953 ነው። ጊዜው እጅግ ምቹ ነበር። ሌላው አምራች ኮልት፣ ሲንግል አክሽን አርሚ የተባለውን ዝነኛ ሪቮልቨሩን ማምረት ካቆመ ከአሥር ዓመት በላይ አልፎት ነበር፤ በአንጻሩ የካውቦይ ፊልሞችና የቴሌቪዥን ድራማዎች ያንን ቅርጽ በየቤቱ አስተዋውቀውት ፈላጊው በዝቶ ነበር። የኩባንያው መሥራች ዊልያም ሩገር ውጫዊ ቅርጹን ከአሮጌው ኮልት ወስዶ ውስጡን በራሱ መንገድ አደራጀው፤ በተለይ ከብዙ አገልግሎት በኋላ ይሰበሩ በነበሩት ጠፍጣፋ ሞላዎች ፋንታ ጥቅልል ሞላዎችን አስገባ። በእኔ ግምት ስድሳ ዓመት ያለፋቸው ሲንግል-ሲክሶች ዛሬም ሳይጠገኑ የሚሠሩበት ዋናው ምክንያት ይህ ውሳኔ ነው።

ሁለት ሲሊንደር የማቅረቡ ሐሳብ የመጣው ከጥይቱ ነው። ዊንቸስተር በ1959 .22 ማግነም የተባለውን አዲስ ጥይት አወጣ፤ ሩገርም በዚያው ዓመት ሽጉጡን ለማግነም አዘጋጅቶ አቀረበ፣ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ አንዱ .22 ሎንግ ራይፍል ለሚባለው የተለመደ ጥይት፣ ሌላው ለማግነም የሚሆኑ ሁለት ሲሊንደሮችን ከአንድ ሽጉጥ ጋር አብሮ መሸጥ ጀመረ። ይህ ሊሆን የቻለው የሁለቱ ጥይቶች አረር በውፍረት እጅግ ተቀራራቢ በመሆኑ ነው፤ የሎንግ ራይፍሉ 0.223 ኢንች፣ የማግነሙ 0.224 ኢንች ገደማ ስለሆነ አንድ አፈሙዝ ሁለቱንም ያስተናግዳል። ቀለሆቹ ግን ለየቅል ናቸው። የሎንግ ራይፍል ቀለህ 15.6 ሚሊ ሜትር ያህል ሲረዝም የማግነሙ ወደ 27 ሚሊ ሜትር ይደርሳል፤ በውፍረትም የማግነሙ ይበልጣል፣ ምክንያቱም የሎንግ ራይፍል አረር ውጫዊ ክፍሉ ከቀለሁ ጋር እኩል ሲሆን፣ የማግነሙ አረር ግን ጫፉ ብቻ ወጥቶ የታችኛው ክፍሉ ቀለሁ ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል።

ከዚህ ልዩነት አንድ አደጋ ይከተላል፤ ገዢ ሁሉ አስቀድሞ ሊያውቀው ይገባል። የማግነም ጥይት በሎንግ ራይፍል ሲሊንደር ውስጥ አይገባም፤ የሎንግ ራይፍል ጥይት ግን በማግነሙ ሲሊንደር ውስጥ እየተንቀጠቀጠም ቢሆን ይገባል። ከተተኮሰ ቀጭኑ ቀለህ በሰፊው ጉድጓድ ውስጥ ተለጥጦ ሊሰነጠቅና ትኩስ ጋዝ ወደ ተኳሹ ሊመልስ ይችላል። ስለዚህ ሲሊንደር ሲቀየር ጥይቱም አብሮ መቀየር አለበት፤ ሁለቱን ዓይነት ጥይት በአንድ ኪስ ወይም በአንድ ሣጥን ቀላቅሎ መያዝም ፈጽሞ አይገባም። በሩገር የማግነሙ ሲሊንደር ጎኑ ላይ የጥይቱ ስም ስለተጻፈበት ለመለየት አያስቸግርም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ወደ መለየቱ ልግባ። የቀድሞው ሞዴል በመጀመሪያ እይታ የሚታወቀው በሽጉጡ አካል ጎን በተደረደሩት ሦስት ብሎኖች ነው፤ በ1973 የመጣው አዲሱ ሞዴል በእነሱ ፋንታ ሁለት ፒኖች አሉት። ሁለተኛው ምልክት የማጉረሻ በሩ ነው። ከ1953 እስከ 1957 ገደማ በተሠሩት ላይ በሩ ጠፍጣፋ ነበር፤ ከዚያ በኋላ የአካሉን ጥምዝ ተከትሎ የተቀረጸ ሆነ። ይህ ትንሽ ዝርዝር ብዙ ገንዘብ ያድናል፤ የማግነም ጥይት ከመወለዱ በፊት የተሠራ ባለ ጠፍጣፋ በር ሽጉጥ ከማግነም ሲሊንደር ጋር ቀርቦ «ሁሉም ነገር ከፋብሪካ እንደወጣ ነው» ከተባለ፣ አነጋገሩ ከታሪኩ ጋር አይገጥምም። እኔም በአንድ የሽጉጥ ትርዒት ላይ ይህንኑ የመሰለ ጥንድ በሙሉ ዋጋ ቀርቦ አይቻለሁ፤ ሻጩ ቀኑን ሲነገረው ተገረመ እንጂ ዋጋውን አልቀነሰም። በ1956 እና በ1958 መካከል ቀላል እንዲሆን በአሉሚኒየም አካል የተሠራው ዓይነትም እንዲሁ የሎንግ ራይፍል ብቻ ነው፤ የማግነም ሲሊንደር ሊገባበት አይገባም።

በእውነተኛ ጥንድ ላይ መፈለግ ያለበት ቁልፍ ማስረጃ ቁጥሩ ነው። ፋብሪካው በተጨማሪው ሲሊንደር የፊት ገጽ ላይ የሽጉጡን መለያ ቁጥር የመጨረሻ አሃዞች በኤሌክትሪክ መቅረጫ ይጽፍ ነበር፤ ጽሑፉ እንደ እጅ ጽሑፍ ቀጭንና ያልተስተካከለ ስለሆነ፣ ባሩድም ስለሚያጠቁረው፣ በደንብ ሳይጸዳ ላይታይ ይችላል። አሃዞቹ በአካሉ ላይ ካለው ቁጥር ጋር ከተስማሙ ጥንዱ አብሮ የኖረ ነው። በመለያ ቁጥሩ ደግሞ ሽጉጡ በየትኛው ዓመት እንደተሠራ ከኩባንያው መዝገብ ማወቅ ስለሚቻል፣ ከግዢ በፊት ይህን ማጣራት የግድ ነው። ከ1964 ጀምሮ የተሠራው ሱፐር ሲንግል-ሲክስ የሚስተካከል የኋላ ማነጣጠሪያና ከፍ ያለ የፊት ማነጣጠሪያ ስላለው በቀላሉ ይለያል፤ ከሱፐሮቹ መካከል ባለ 4⅝ ኢንች አፈሙዙ ብርቅ በመሆኑ ሐሰተኛ ሥራም በእሱ ላይ ይበዛል፣ አፈሙዝ አሳጥሮ ወይም ቀይሮ «ብርቅዬ» ማድረግ አስቸጋሪ አይደለምና። በአፈሙዙ ላይ የአሜሪካን ነጻነት ሁለት መቶኛ ዓመት የሚያነሳ ጽሑፍ ካለ፣ አፈሙዙ የ1976 ምርት ነው፤ በሦስት ብሎን አካል ላይ ከታየ ተቀይሯል ማለት ነው። የእጀታው የአሉሚኒየም ቅንፍም በ1960ዎቹ መጀመሪያ ተሻሽሎ ለጣት መገጣጠሚያ ሰፋ ያለ ቦታ ሰጥቷል፤ እጁ ትልቅ ለሆነ ሰው ልዩነቱ ወዲያው ይሰማዋል።

ከመለየት ቀጥሎ የአካል ምርመራ ይመጣል። ሽጉጡ ባዶ መሆኑ በዓይንም በጣትም ከተረጋገጠ በኋላ መዶሻውን ቀስ ብሎ ወደ ኋላ መሳብና ሲሊንደሩ በእያንዳንዱ ጉድጓድ ላይ በትክክል ቆልፎ መቆሙን ማየት ያስፈልጋል፤ ይህ ለሁለቱም ሲሊንደሮች በየተራ መደረግ አለበት። ሻጮች ብዙውን ጊዜ የሚያሳዩት የገባውን ሲሊንደር ብቻ ነው፤ ችግሩ ግን ዘወትር ያለው በከረጢት ውስጥ በተቀመጠው ላይ ነው። ከኋላ ያሉት የማዞሪያ ጥርሶች ለአንድ የተወሰነ ሽጉጥ የተስተካከሉ ስለሆኑ፣ ከሌላ ሽጉጥ የመጣ ሲሊንደር ዘግይቶ ሊቆልፍ ወይም ጉድጓዱ ከአፈሙዙ ጋር ላይገጥም ይችላል፤ በዚህ ጊዜ አረሩ የአፈሙዙን ጫፍ ፍቆ ሲገባ የእርሳስ ፍርፋሪ በጎን ይረጫል። በጉድጓዶቹ አፍ ጠርዝ ላይ ጥይቱን የሚመታው መርፌ የተዋቸው ትናንሽ ጠባሳዎች ካሉም፣ ሽጉጡ ያለ ጥይት በብዛት ተመትቷል ማለት ነው፤ ጠባሳው ከጠለቀ ጥይቱ በሚገባ አይቀመጥም፣ ቀለሁም ለመውጣት ያስቸግራል።

ስለ ደህንነት የሚነሳው ክርክር ሰብሳቢዎችን ለሁለት ይከፍላል። በቀድሞው ሞዴል መዶሻው ወርዶ ባረፈበት ጉድጓድ ውስጥ ጥይት ካለ ሽጉጡ ወድቆ ሊተኩስ ይችላል፤ ስለዚህ አምስት ብቻ አጉርሶ መዶሻውን በባዶው ላይ ማሳረፍ የቆየና ሊታለፍ የማይገባው ልማድ ነው። አዲሱ ሞዴል ምላጩ ሲሳብ ብቻ ከፍ ብሎ የመዶሻውን ምት ወደ መርፌው የሚያስተላልፍ ብረት አለው። ኩባንያው ከ1982 ጀምሮ ይህንኑ መከላከያ ለቀድሞዎቹ ሽጉጦችም በነጻ እየገጠመ፣ የወጡትን አሮጌ ክፍሎች ለባለቤቱ ይመልሳል። ለመተኮስ የሚፈልግ ሰው ቢያስገጥመው ትክክል ነው፤ ሰብሳቢ ግን ያልተነካውን ይመርጣል፣ ዋጋውም ከፍ ይላል። የእኔ አቋም፣ የተቀየረ ሽጉጥ ከነአሮጌ ክፍሎቹ ከቀረበ ሳይናቅ ሊገዛ ይገባል የሚል ነው፤ ክፍሎቹ ከሌሉ ግን ዋጋው ሊቀነስ ይገባል።

ሲተኮስ ባሕርይው ደስ ያሰኛል። በሎንግ ራይፍል ሲሊንደር ግፊቱ እምብዛም ስለማይሰማ ለጀማሪ እጅ የሚመች ነው፤ በማግነሙ ድምፁ ይበረታል፣ የእሳቱም ብልጭታ ያድጋል። ማግነም በጠመንጃ የሚያሳየውን ፍጥነት፣ ማለትም በሰከንድ 580 ሜትር ገደማ፣ ከዚህ አጭር አፈሙዝ መጠበቅ አይገባም። አንድ አፈሙዝ ለሁለት ጥይት መስማማት ስላለበት ሽጉጡ የዒላማ ውድድር መሣሪያ አይደለም፤ የጠርሙስ ክዳን ለመምታት በሚተኮስበት ቅርብ ርቀት የሚያሳፍር ውጤት ግን አይሰጥም። ሲሊንደር መቀየሩ ቀላል ነው፤ በሩ ተከፍቶ፣ መዶሻው በግማሽ ቆሞ፣ ዘንጉ ተስቦ ሲወጣ ሲሊንደሩ በቀኝ በኩል ይንሸራተታል።

ተፎካካሪዎቹን ሳልጠቅስ አላልፍም። በ1957 የወጣው ኮልት ፍሮንቲየር ስካውት በስሙ ይማርካል፣ ባለ ሁለት ሲሊንደር ሆኖም ተሽጧል፤ አካሉ ግን እንደየዓይነቱ ከአሉሚኒየም ወይም ከዚንክ ውህድ የተሠራ ስለሆነ ቅቡ ሲላላ መልኩን መመለስ አስቸጋሪ ነው። በ1970ዎቹ የመጡት የኮልት ፒስሜከር .22 እና ኒው ፍሮንቲየር የብረት አካል ስላላቸው ከስካውቱ እጅግ ይሻላሉ፤ ለውበት ብቻ ከሆነ ከሩገሩም አስቀድማቸዋለሁ። ዘጠኝ ጥይት የሚይዘው የሃይ ስታንዳርድ ደብል-ናይን ርካሽ ነው፤ መለዋወጫ ግን በቀላሉ አይገኝለትም።

አሜሪካ ለሚኖሩ አንባቢዎች አንድ የሕግ ነጥብ ላክል። ሃምሳ ዓመት የሞላው ሽጉጥ በፌዴራል ሕግ እንደ ታሪካዊ ቅርስ ስለሚቆጠር፣ የሰብሳቢ ፈቃድ ያለው ሰው ከሌላ ግዛት በቀጥታ ሊቀበለው ይችላል፤ የየግዛቱ ሕግ ግን ሊጠብቅ ስለሚችል መጣራት አለበት። ግሪን ካርድ ያለው ነዋሪ በፌዴራል ሕግ ሽጉጥ ሊኖረው ሲችል፣ በጊዜያዊ ቪዛ ያለ ሰው ግን ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በስተቀር ሊነካውም አይፈቀድለትም።

ሁለተኛው ሲሊንደር የጠፋበትን ጥሩ ሲንግል-ሲክስ ያገኘ ሰው ሽጉጡን ወደ ፋብሪካው ልኮ አዲስ ማስገጠም እንደሚችል ያስብ ይሆናል። ከመላኩ በፊት ግን ይህን ይወቅ፤ ኩባንያው የቀድሞ ሞዴልን ሲቀበል የደህንነት መከላከያውን ሳይገጥም አይመልስም። ስለዚህ ያልተነካ ሽጉጥ ያለው ሰብሳቢ በሚያምነው ባለሙያ ዘንድ ሲሊንደር ቢያስተካክል፣ ወይም በሎንግ ራይፍሉ ብቻ ረክቶ ቢይዘው ይሻለዋል።