ሲዜድ 550 ሳፋሪ ማግነም በ.375፦ አደገኛ አውሬ ከስንት ሜትር ይተኮስበታል?

ሲዜድ 550 ሳፋሪ ማግነም በ.375 ሆላንድ ኤንድ ሆላንድ ካሊበር ጥሩ ጠመንጃ ነው። ጥሩነቱ ያለው ግን ብዙ ገዢ በሚፈልግበት ቦታ አይደለም። ሻጭ ሁሉ አርቆ እንደሚመታ ይናገርለታል፤ እውነትም ይመታል። ጎሽ፣ ዝሆን ወይም አንበሳ ለማደን የሚገዛ ሰው መጠየቅ ያለበት ግን ከ20 እስከ 80 ሜትር ባለው ርቀት ውስጥ ምን ያህል እንደሚታዘዝ ነው። እኛም የመዘንነው በዚሁ ነው።

ጠመንጃው የተሠራው ቼክ ሪፐብሊክ ውስጥ ኡኸርስኪ ብሮድ በሚገኘው ፋብሪካ ነው። ምርቱ ስለቆመ ዛሬ የሚገኘው በአብዛኛው ያገለገለው ነው። በርሜሉ 63.5 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል፣ ክብደቱ ያለ ማነጣጠሪያ መነጽር 4.2 ኪሎ ገደማ ነው፣ ካዝናው 5 ጥይት ይይዛል። ማቀባበያው የጀርመኑ ሞዘር ጠመንጃ ዘር ነው። ሰፊው ጥፍር ጥይቱን ገና ከካዝናው ሲወጣ ከቂጡ ይይዘዋል፤ ቀለሁ እስኪወረወር ድረስም አይለቀውም። ጥቅሙ ሰው ሲደናገጥ ይታያል። የደነገጠ እጅ ማቀባበያውን እስከ መጨረሻ ሳይገፋ መልሶ ይጎትታል። ጥፍር የሌለው ጠመንጃ በዚህ ጊዜ አንዱን ጥይት በርሜል አፍ ላይ ጥሎ ሁለተኛውን ከኋላው ይገፋል፤ ሁለቱ ይነካከሱና ጠመንጃው ይዘጋል። እዚህኛው ላይ ጥይቱ ከጥፍሩ ጋር ተመልሶ ይወጣል። 150 ሜትር ላይ እንዲህ ያለው ስህተት የሚያሳጣው አንድ ዕድል ነው፤ 15 ሜትር ላይ ግን ነፍስ ያሳጣል።

ለጎሽ የሚመረጠው ርቀት ከ40 እስከ 80 ሜትር ነው። ከዚያ ላይ ሆኖ ኮርማውን ከላሟ መለየት፣ ግንባሩ ላይ ያለው የቀንድ መጋጠሚያ ጠጥሮ መዝጋቱን ማየት፣ ከኋላው ሌላ ጎሽ መኖር አለመኖሩን ማረጋገጥ ይቻላል። የመጨረሻው ነጥብ ችላ የሚባል አይደለም። ጠንካራ አረር አንዱን ጎሽ አልፎ ከኋላ ያለውን ያቆስላል፤ ያን ጊዜ ቁጥቋጦ ውስጥ የሚፈለገው አንድ ሳይሆን ሁለት ይሆናል። ከ100 ሜትር በላይ ላለ ጎሽ መተኮስ፣ ቀድሞ ለቆሰለና እየሸሸ ላለ ካልሆነ በቀር፣ አንመክርም። ምክንያቱ የጠመንጃው አቅም አይደለም። የጎሽ ልብ ዝቅ ብሎ በደረቱ የታችኛው ሲሶ ውስጥ ነው የሚገኘው። ልብና ሳንባ አንድ ላይ የሚሰጡት ዒላማ ስፋቱ ከ25 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ነው። የተኳሹ መንቀጥቀጥ፣ ያልታየ ቀጭን ቅርንጫፍና የእንስሳው አንድ እርምጃ ሲደመሩ ይህ ስፋት በፍጥነት ያልቃል።

ስለ እርምጃዋ ሒሳቡን እንሥራ። 300 ግሬይን (19 ግራም ያህል) የሚመዝን አረር በሴኮንድ 770 ሜትር ፍጥነት ከአፈሙዝ ወጥቶ 200 ሜትር ለመድረስ 0.29 ሴኮንድ ያህል ይፈጅበታል። በሴኮንድ አንድ ሜትር ተኩል የሚራመድ ጎሽ በዚህ ጊዜ ከ40 ሴንቲ ሜትር በላይ ይጓዛል። ትከሻው ላይ የታለመው ጥይት ሆዱ ላይ አረፈ ማለት ነው። 60 ሜትር ላይ የሚጓዘው 12 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ አረሩ አሁንም ሳንባ ያገኛል። ሆዱን የተመታ ጎሽ አይወድቅም፤ ጥቅጥቅ ወዳለው ጫካ ገብቶ በመጣበት ዱካ ትይዩ ይቆምና ይጠብቃል።

አብዝቶ መቅረብም የራሱ ዋጋ አለው። ጎሽ ሲሮጥ በሰዓት 55 ኪሎ ሜትር ይደርሳል፤ ይህ በሴኮንድ 15 ሜትር ነው። 30 ሜትር ላይ ቆሞ የነበረ ጎሽ በ2 ሴኮንድ ደረሰ ማለት ነው። እጁ የለመደ ሰው ተኩሶ፣ አቀባብሎ፣ እንደገና አነጣጥሮ ለመተኮስ ከአንድ ሴኮንድ ተኩል እስከ ሁለት ይፈልጋል። ስለዚህ ከ30 ሜትር በታች ሁለተኛዋ ጥይት ተስፋ እንጂ ዋስትና አይደለችም። አንበሳ ደግሞ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ስለሚወረወር ያንኑ 30 ሜትር በአንድ ሴኮንድ ተኩል ገደማ ይጨርሰዋል። አንበሳና ነብር ሥጋ ተሰቅሎላቸው ከመደበቂያ ሲታደኑ መደበቂያው ከ50 እስከ 80 ሜትር ርቆ የሚሠራው በዚህ ምክንያት ነው፤ ለመምታት ቅርብ ነው፣ ለትንፋሽና ለሹክሹክታ ድምፅ ደግሞ ሩቅ ነው። ነብር አመሻሽ ላይ ስለሚመጣ ርቀቱን የሚወስነው ብርሃኑ ነው፤ 80 ሜትር ላይ ቆዳው ከቅርንጫፉ ጥላ ካልተለየ መደበቂያውን መጀመሪያውኑ 50 ላይ መሥራት ይሻላል።

ዝሆን ከሁሉም ይለያል። ጭንቅላቱን ለመምታት 25 ሜትር ወይም ከዚያ ያነሰ ያስፈልጋል፤ ከዚያ በላይ ሆኖ አንጎል መፈለግ ዕድል መሞከር ነው። ከፊት ለፊት ሲተኮስ አዳኙ በቀረበ ቁጥር ጠመንጃው ሽቅብ ይቀናል፤ ስለዚህ ግንባሩ ላይ የሚያርፍበት ነጥብ ዝቅ ማለት አለበት። 40 ሜትር ላይ በሥዕል የተጠናውን ነጥብ 12 ሜትር ላይ የሚጠቀም ሰው ከአንጎሉ በላይ ወፍጮ ድንጋይ በሚያህለው ባለ ቀዳዳ አጥንት ውስጥ ይተኩሳል። ዝሆኑ ይንበረከክ ይሆናል፤ ብዙ ጊዜ ግን ተነሥቶ ይሄዳል።

አሁን ጠመንጃው በዚህ ርቀት እንዴት እንደሚመታ። መነጽሩ ከበርሜሉ መሐል 4.5 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ተገጥሞ፣ በ300 ግሬይን ጥይት 100 ሜትር ላይ ሲስተካከል የሚከተለውን ይሰጣል። 10 ሜትር ላይ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ይመታል። 25 ሜትር ላይ ከ2 ሴንቲ ሜትር ባነሰ ዝቅ ይላል። 50 ሜትር ላይ በትክክል፣ 100 ሜትር ላይም በትክክል ያርፋል። 150 ላይ 5፣ 200 ላይ ደግሞ 16 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይወርዳል። ከ25 እስከ 100 ሜትር ምንም ሳይሰሉ ማነጣጠር ይቻላል ማለት ነው፤ ካሊበሩን ከወጣበት ከ1912 ጀምሮ በአፍሪካ አደን ያኖረው አንዱ ባሕርይ ይኸው ይመስለናል። 200 ሜትር ላይ ለማስተካከል የሚፈልግ ሰው አለ። ለጎሽ አያስፈልግም፤ በመካከለኛው ርቀት አረሩን ሽቅብ ከማንሣት በቀር የሚጨምረው ነገር የለም። 10 ሜትር ላይ ያለችው 3 ሴንቲ ሜትር ለጎሽ ደረት ከቁጥር አትገባም፤ ለዝሆን አንጎል ግን ትገባለች።

ጉልበቱን ከወደዱ፦ አፈሙዝ ላይ 5,800 ጁል ገደማ፣ 100 ሜትር ላይ 4,700፣ 200 ላይ 3,800። የዚምባብዌ ሕግ ለዝሆን፣ ለጎሽና ለጉማሬ ቢያንስ 9.2 ሚሊ ሜትር ካሊበርና 5,300 ጁል ይጠይቃል። .375 ከዚያ በላይ ነው፣ ግን በጥቂቱ ብቻ፤ የጉልበቱ ትርፍ ያለው ቅርብ ላይ እንደሆነ ከቁጥሩ ይታያል።

ቅርብ መተኮስ አረሩንም ይፈትናል፤ ይህን ብዙ ሰው አያስብበትም። አረር ፍጥነቱ ከፍተኛ የሚሆነው አፈሙዙ አጠገብ ነው። እርሳሱን የሸፈነው የብረት ልብሱ ስስ የሆነ ርካሽ አረር 30 ሜትር ላይ የጎሽ ትከሻ አጥንት ሲያገኝ ይበታተናል፤ ቁስሉ ሰፊ ግን ጥልቀት የሌለው ይሆናል። መጀመሪያ የሚተኮሰው ልብሱና እርሳሱ የተጣበቁ እንደ ስዊፍት ኤ-ፍሬም ያለ፣ ወይም ሙሉ መዳብ የሆነ እንደ ባርንስ ያለ ቢሆን ይመረጣል። ካዝናው ውስጥ የሚከተሉት የማይፈነዱ ድፍን አረሮች ይሁኑ፤ የቆሰለ ጎሽ ጀርባውን ሰጥቶ ሲሸሽ ከኋላ ገብቶ ደረት የሚደርሰው ድፍኑ ነው። ሁለቱ ዓይነት ጥይቶች አንድ ቦታ ላይ መምታታቸው በ50 ሜትር ወረቀት ላይ መረጋገጥ አለበት። ልዩነታቸው ከ5 ሴንቲ ሜትር ካለፈ ከሁለት አንዱን በሌላ ፋብሪካ ጥይት መለወጥ ነው።

መነጽር ላይ ገንዘብ የሚባክነው በማጉላት ነው። ከ1 እስከ 4 ወይም ከ1 እስከ 6 ጊዜ የሚያጎላ በቂ ነው። በ4 ጊዜ ማጉላት 100 ሜትር ላይ የሚታየው ስፋት 10 ሜትር ገደማ ነው፤ 20 ሜትር ላይ ስፋቱ 2 ሜትር ብቻ ይሆናል፤ ያን ጊዜ በመነጽሩ የሚታየው ጥቁር ፀጉር እንጂ ትከሻ አይደለም። ስለዚህ ዱካ ሲከተሉ መነጽሩ ሁልጊዜ 1 ላይ ይቀመጥ፤ 80 ሜትር ላይ ለመተኮስ ጊዜ ሲኖር ይጨመራል። ከዓይን የሚርቀው ደግሞ ቢያንስ 9 ሴንቲ ሜትር ይሁን፤ አለዚያ ጠመንጃው ሲተኮስ ወደ ኋላ የሚገፋበት ርግጫ ቅንድብ ይሰነጥቃል። ሲዜድ እዚህ ላይ ሊመሰገን ይገባል፤ የመነጽሩ መቀመጫ ከጠመንጃው አካል ጋር አብሮ የተቀረጸ ስለሆነ የሚላላ ብሎን የለውም። ቶሎ የሚነቀል ማሰሪያ ቢገጠምለት፣ ቁስለኛ ፍለጋ ጫካ ሲገባ መነጽሩ ይወርድና በብረቱ ማነጣጠሪያ ይሠራል።

የኋላው ማነጣጠሪያ አንድ ቋሚና ሁለት የሚታጠፉ ቅጠሎች አሉት። የሚታጠፉት ለሩቅ ናቸው። ለአደገኛ አውሬ ታጥፈው ይቅሩ፤ ቁጥቋጦ ይዞ ያነሣቸው እንደሆነ ጥይቱ ከፍ ብሎ ያልፋል። አንዳንድ ጠመንጃ አስተካካዮች ጭራሽ ያወጧቸዋል፣ እኛም እንስማማለን። በብረት ማነጣጠሪያ ከ50 ሜትር በላይ መተኮስ ለአብዛኛው ሰው ትክክል አይደለም።

ጉድለቶቹ ግልጽ ናቸው። ማቀባበያው ከፋብሪካ ሲወጣ ሻካራ ነው፤ ባዶውን በመቶዎች ጊዜ ሲመላለስ ወይም በባለሙያ ሲለሰልስ ይስተካከላል። ቃታው ወደ ፊት ሲገፋ እጅግ ቀላል የሚሆን ዓይነት ነው። ይህ ለዒላማ ሜዳ ይመቻል፤ ልቡ በሚመታ ሰው እጅ ላይ ግን ሳያስበው ይተኩሳል። ጎሽ አጠገብ በፍጹም መገፋት የለበትም፣ ቢቻል በተራ ቃታ ይለወጥ። ሴፍቲው (ቃታው እንዳይተኩስ የሚቆልፈው) ሁለት ቦታ ብቻ አለው። እንጨቱም በከባዱ ካሊበር ከማቀባበያው ጀርባ የመሰንጠቅ ታሪክ አለው፤ ብረቱ እንጨቱ ላይ የሚያርፍበት ቦታ ኢፖክሲ በሚባለው ጠንካራ ሙጫ ካልተሞላ ርግጫው አንድ ነጥብ ላይ ያርፋል። በ.375 ችግሩ ከ.416 እና ከ.458 ያነሰ ቢሆንም ያገለገለውን ለመግዛት የሚሄድ ሰው ብሎኑን አስፈትቶ ውስጡን በባትሪ ማየት አለበት።

የራስን ርቀት ማወቅ ከባድ አይደለም። 15 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ወረቀት 30፣ 50፣ 75 እና 100 ሜትር ላይ ይተከል። ከጠረጴዛ ላይ ሳይሆን ከባለ ሦስት እግር ምርኩዝ፣ 50 ሜትር ሮጦ ትንፋሽ ሲቆራረጥ፣ ምርኩዙ ከቆመ በ5 ሴኮንድ ውስጥ አንድ ጥይት ይተኮስ፤ በየርቀቱ ሦስት ጊዜ። ሦስቱም ክቡ ውስጥ የገቡበት የመጨረሻው ርቀት የዚያ ሰው ገደብ ነው። 100 ሜትር ላይ ከጠረጴዛ 3 ሴንቲ ሜትር ላይ የሚሰበስብ ተኳሽ በዚህ ፈተና 50 ላይ ሲቀር ማየት የተለመደ ነው። አደኑን የሚመራው ባለሙያ አዳኝ ቁጥሩን ቀድሞ ቢያውቀው ያንኑ ያህል ያቀርበዋል፤ የሚደበቅ ነገር አይደለም።

ለእኛ አገር አንባቢ አንድ ነገር እንጨምር። በባሌና በአርሲ ተራሮች የደጋ አጋዘን ሲታደን ሸለቆ ተሻግሮ 200 ሜትርና ከዚያ በላይ መተኮስ ያጋጥማል፤ አጋዘን ደግሞ መልሶ አይመጣም። በዚያ የለመደ ዓይን ጎሽ 150 ሜትር ላይ ሲያይ ቅርብ ይመስለዋል። ይኸው .375 ቀለል ባለ 270 ግሬይን ጥይት ለአጋዘኑም ያገለግላል፣ ግን መነጽሩ እንደገና ወረቀት ላይ መስተካከል አለበት፤ ሁለቱ ጥይቶች 100 ሜትር ላይ አንድ ቦታ አይመቱም።

ዝሆንን ብቻ ለሚያድን፣ ወይም ቁስለኛ ተከትሎ ጫካ መግባት ሥራው ለሆነ ሰው፣ ይኸው ጠመንጃ በ.416 ሪግቢ ይሻላል፤ የበለጠ ይራገጣል፣ ካዝናውም 3 ጥይት ብቻ ይይዛል። በዓመት አንዴ ወደ ታንዛኒያ ወይም ዚምባብዌ ለሚሄድ ሰው ግን .375ቱን እንመርጣለን፤ ርግጫውን ሳይፈራ ብዙ ሊለማመድበት ይችላልና። ሲገዙ ካዝናውን በ5 ድፍን አረር ሞልቶ በዝግታ፣ ከዚያ በፍጥነት፣ ከዚያ ጠመንጃውን በጎኑ አጋድሞ ማቀባበል ያስፈልጋል። በጥይት የሚደረግ ስለሆነ ተኩስ ሜዳ ላይ፣ አፈሙዙ ወደ ዒላማው እንደዞረ ይሁን። አንዷ እንኳ ከያዘች ሻጩ እስኪያስተካክል ድረስ ገንዘብ አይከፈል።