260 ዶላሬን የበላው የ«ኩባ ሲጋርና ቡርበን» ሳጥን

ባለፈው ወር የእህቴ ባል ማስተርሱን ጨረሰ። ሁሌ በሸሚዝና በክራባት ከምገላገለው አንዴ እንኳን ደህና ስጦታ ልስጠው አልኩ። ስልኬ ላይ ደግሞ አንድ ማስታወቂያ ሳምንት ሙሉ ሲያሳድደኝ ነበር። የሚያብረቀርቅ የእንጨት ሳጥን ነው። ውስጡ አምስት «የኩባ ኮሂባ» የተባለ ታዋቂ ሲጋር፣ አንድ ጠርሙስ «የኬንታኪ ቡርበን» (ቡርበን በበቆሎ የሚሠራ የአሜሪካ ውስኪ ነው)፣ ሁለት ብርጭቆና የሲጋር መቁረጫ አለ። ዋጋው 260 ዶላር፤ «ከ480 የወረደ»። ገዛሁት። ተበላሁ።

ይህን የምጽፈው በተለይ እዚህ ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ላለን ሰዎች ነው። የምርቃትና የሰርግ ሰሞን ነው፣ ማስታወቂያውም አሁንም እየዞረ ነው። የሻጩን ስም አልጠራም። ዛሬ ብጠራው ነገ በሌላ ስም ብቅ ይላል። ዕቃውን ብታውቁት ይሻላል።

ርክክቡ አንድ የገበያ ማዕከል ፓርኪንግ ውስጥ ነበር። መንቃት የነበረብኝ እዚያው ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ ውስኪ በጠርሙስ የሚሸጠው ኤቢሲ በሚባሉት የስቴቱ የራሱ የመጠጥ መደብሮች ነው። ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለበት የሞንትጎመሪ ካውንቲም የውስኪ መሸጫዎቹን የያዘው ካውንቲው ራሱ ነው። ታዲያ ከመኪና ፖርታባጋሊዮ ውስኪ እንዲሸጥ ማን ፈቀደለት? ይህን አላውቅም አልልም። አሥራ አንድ ዓመት ኖሬበታለሁ። ግን ሻጩ ልጅ ትሁት ነው፣ ሳጥኑ ያምራል፣ እኔ ደግሞ ቸኩያለሁ። ብሩን በዜል (ከባንክ ወደ ባንክ ወዲያው በሚልከው የስልክ መተግበሪያ) ላኩለትና ተጨባብጠን ተለያየን።

ማታ በረንዳ ላይ ተሰበሰብን። ሳጥኑ ሲከፈት ሁሉም አደነቀ። ጋሼ ብቻ ዝም አሉ። ጋሼ የባለቤቴ አጎት ናቸው፤ ቅዳሜ ማታ አንድ ሲጋር ይዘው ካልተቀመጡ ሳምንቱ ያለቀ አይመስላቸውም። ሲጋሮቹ የተኙበትን ትንሿን ሳጥን አነሱና ክዳኗን በጥፍራቸው መታ መታ አደረጓት። ክዳኗ መስታወት ነው።

«ይሄን ከየት አመጣኸው?»

«ምነው ጋሼ?»

«የኩባ ኮሂባ በመስታወት ክዳን አይሸጥም።»

ከዚያ አንዱን ሲጋር አንስተው ብርቱካን በምንልጥበት ቢላ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሰነጠቁትና ጋዜጣ ላይ ዘረገፉት። በእጅ የተጠቀለለ ጥሩ ሲጋር ሲሰነጠቅ ሙሉውን ርዝመት የሚሄዱ ቅጠሎች ናቸው የሚወጡት፣ እንደ ነጠላ እጥፍ እጥፍ ብለው። ከእኔ የወጣው ፍርፋሪ ነው። የሻይ ቅጠል ፓኬት ሥር የሚቀረውን ታውቁታላችሁ? እሱን። መሃል ላይ የክብሪት እንጨት የሚያህል የቅጠል ጅማት ተጋድሟል። «ወለሉን ጠርገው ነው የጠቀለሉት» አሉ ጋሼ፤ የእህቴ ባል እኔን ላለማየት ሰማዩን ማየት ጀመረ።

በፍርፋሪ የሚሠራ ሲጋር በራሱ ነውር የለውም። ሁለትና ሦስት ዶላር ብሎ በግልጽ የሚሸጥ አለ። ነውሩ የኮሂባን የወረቀት ቀለበት ማልበሱ ላይ ነው።

እዚህ አገር «የኩባ» የሚለው ቃል ብቻውን ሊያስደነግጠን ይገባ ነበር። ኬኔዲ በኩባ ላይ ማዕቀቡን የጣሉት እ.ኤ.አ. በ1962 ነው። ከዚያ ወዲህ አሜሪካ ውስጥ የኩባ ሲጋር መሸጥ ሕጋዊ አይደለም። በኦባማ ጊዜ መንገደኛ ለራሱ እንዲያመጣ ተፈቅዶ ነበር፤ እሱም በ2020 ተዘጋ። ስለዚህ የኩባ ሲጋር አለኝ የሚላችሁ ሻጭ ወይ ኮንትሮባንድ ይዟል፣ ወይ ፎርጅድ። ብዙ ጊዜ ፎርጅድ ነው።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይደናገራል። በአሜሪካ ሱቆች በሕጋዊ መንገድ የሚሸጥ ኮሂባም አለ። እሱ በአብዛኛው የሚሠራው ዶሚኒካን ሪፐብሊክ ነው፣ ከኩባው ጋር ስሙ እንጂ ፋብሪካው አይገናኝም። በብዙዎቹ ላይ «ኦ» የምትለው ፊደል መሃል ቀይ ነጥብ ታያላችሁ። መጥፎ ሲጋር አይደለም። ብቻ «የኩባ ነው» ብሎ የሚሸጥላችሁ ካለ ዋሽቷል።

ዱባይ ወይም አውሮፓ ያላችሁ እድለኞች ናችሁ፣ የኩባውን ከተፈቀደለት ሱቅ መግዛት ትችላላችሁ። እናንተም ግን ሳጥኑን ገልብጡት። ታቹ ላይ «ኤቾ ኤን ኩባ» (በስፓኒሽ «ኩባ የተሠራ») የሚለው ጽሑፍ በጋለ ብረት ታትሞ ይገኛል። አጠገቡ የፋብሪካው ኮድና የታሸገበት ወርና ዓመት በማህተም ይመታል። ጎኑ ላይ ሆሎግራም ያለው አረንጓዴና ነጭ የዋስትና ወረቀት ይለጠፋል። ሃቫና ለጉብኝት ከሄዳችሁ ደግሞ መንገድ ላይ «የአክስቴ ልጅ ፋብሪካ ይሠራል፣ በግማሽ ዋጋ ያወጣልኛል» የሚል ሰው አያጣችሁም። እኛም አገር «ከጉምሩክ የወጣ ነው» የሚል አለ አይደል? የዚያው ወንድም ነው።

ወደ ጠርሙሱ እንምጣ። እሱ ይብሳል፤ ምክንያቱም የዋሸኝ ማስታወቂያው እንጂ ጠርሙሱ አይደለም። ፊቱ ላይ ፈረስ፣ በርሜልና «ስሞል ባች» (በጥቂቱ የተመረተ እንደማለት) የሚል ወርቃማ ጽሑፍ አለው። ጀርባውን ሳዞረው በትንንሽ ፊደል «ውስኪ ከተፈጥሮ ጣዕም ጋር» ይላል። የአልኮል መጠኑ 35 በመቶ። «ቡርበን» የሚል ቃል የትም የለም።

ቡርበን ዝም ብሎ የሚለጠፍ ስም አይደለም። የአሜሪካ ምክር ቤት በ1964 የአገሪቱ የራሷ መጠጥ ነው ብሎ አውጆለታል፣ ሕጉም ጠንከር ያለ ነው። ከእህሉ ቢያንስ 51 በመቶው በቆሎ መሆን አለበት። የሚቀመጠው ውስጡ በእሳት በከሰለ አዲስ የኦክ እንጨት በርሜል ነው። ሲታሸግ አልኮሉ ከ40 በመቶ አይወርድም። ስለዚህ 35 የሚል ካያችሁ ሌላ ምንም ማንበብ አያስፈልጋችሁም። የኬንታኪ ስቴት መሆኑ ደግሞ ግዴታ አይደለም፤ ሌላ ስቴት የተሠራም ቡርበን ይባላል።

«ስሞል ባች» የሚለው በሕግ የተወሰነ ትርጉም የለውም። ማንም ይጽፈዋል። ትርጉም ያላቸው ሌሎች ቃላት ናቸው። «ስትሬት» ካለ ቢያንስ ሁለት ዓመት በርሜል ውስጥ ተቀምጧል። «ቦትልድ ኢን ቦንድ» ካለ ደግሞ ከ1897 ጀምሮ ሕግ የቆመለት ነው፦ አንድ መጥመቂያ፣ አንድ የምርት ወቅት፣ ቢያንስ አራት ዓመት፣ ልክ 50 በመቶ አልኮል። እና ታዲያ ውድ እንዳይመስላችሁ። ኤቢሲ መደርደሪያ ላይ በ30 ዶላርና ከዚያ በታች የማገኘው ነው።

ዋናው ነገር ጥምረቱ ነበር፤ ሳጥኑ የተሸጠልን «ተመርጠው የተጣመሩ» ተብሎ ነው። ቡናና ቡና ቁርስ በሉት። ፈንዲሻው ቡናውን ሳይጫነው ነው የሚያጅበው። የከሰለው በርሜል ለቡርበን የቫኒላና የካራሜል ጣዕም ይሰጠዋል። የበሰለ ትምባሆ ደግሞ ወደ ኮኮዋ፣ ወደ ቡና ወደ ቆዳ ሽታ ያደላል። ገርጣ ያለው፣ ኮነቲከት የሚሉት ቅጠል የለበሰው ሲጋር ለስላሳ ስለሆነ 45 በመቶ ገደማ ያለው ቡርበን ይበቃዋል። ጠቆር ያለው፣ ማዱሮ የሚሉት ቅጠል የለበሰው 50 እና ከዚያ በላይ የሆነውን ይችላል። ጭሱን ወደ ሳንባ አትስቡትም፣ አፍ ላይ ነው የሚቀረው። (ሐኪም አይመክረውም፤ ትምባሆና አልኮል አንድ ላይ የአፍና የጉሮሮ ካንሰርን አደጋ ይጨምራሉ። እኔ በዓመት ሁለቴ ነው።)

የእኛ ጥምረት ምን ይመስል ነበር? የሳል ሽሮፕ ጠጥቶ ከሰል እንደመላስ። ሲጋሩም ደርቋል። ጥሩ ሲጋር ከ65 እስከ 70 በመቶ እርጥበት ውስጥ ይቀመጣል፣ በጣት ሲጫኑት ትንሽ እሺ ይላል። የኛው ሲነካ ተንኮሻኮሸ። ስንት ቀን መኪና ውስጥ ፀሐይ ሲመታው እንደከረመ እንጃ።

ለሻጩ ጻፍኩለት። መጀመሪያ «ወንድሜ፣ የአየሩ ጠባይ ነው» አለኝ። ሁለተኛ ስጽፍለት ብሎክ አደረገኝ። ባንኬ ደውዬ ስጠይቅ «ገንዘቡን የላክኸው አንተው ራስህ ነህ» አሉኝ፤ በዜል የተላከ እንደ ጥሬ ብር ነው፣ ከእጅ ከወጣ ወጣ። እንደዚህ ያለ ዕቃ ካማራችሁ ቢያንስ በክሬዲት ካርድ ክፈሉ፣ ቅሬታ የምታቀርቡበት በር ይኖራችኋል።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ኪሳቸው ለሚችል። እንደ ፓፒ ቫን ዊንክል ያሉ ብርቅ ቡርበኖችን ከግለሰብ እጅ አትግዙ። ባዶ ጠርሙሳቸው ራሱ ኢንተርኔት ላይ ይሸጣል። ሁሉም ለመደርደሪያ ጌጥ የሚገዛው እንዳይመስላችሁ፣ ርካሽ ውስኪ ሞልቶ የሚያሽገውም አለ።

በሳምንቱ ጋሼ ራሳቸው ይዘውኝ ሄዱ። በር ከፍቶ የሚገባበት፣ እርጥበቱ የሚጠበቅ የሲጋር ክፍል ያለው ሱቅ ነው። ሴዳር የሚሉት እንጨት መዓዛ ገና ከበሩ ይቀበላችኋል። ኒካራጓ፣ ኤስቴሊ የተሠራ ሁለት ሲጋር በ11፣ በ11 ዶላር ገዛሁ። ከኤቢሲ ደግሞ ቦትልድ ኢን ቦንድ በ27 ዶላር። ታክሱን ሳይጨምር 49 ዶላር። የእህቴ ባል ያን ምሽት ገና አሁን ተመረቅኩ አለ።

ሳጥኑን የእህቴ ልጅ ወስዳ ክሬየን ታስቀምጥበታለች። ክዳኑን በከፈተች ቁጥር ቫርኒሽ ቫርኒሽ ይሸታል።